ስምንት ገመድ ለስምንት ገመድ

ጡረታ በወጣሁ ቀን የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ጋቢ አለበሱኝና «እስቲ ከሥራ ዘመንዎ አንድ ነገር ያጫውቱን» አሉኝ። ተነሥቼ የሚያስቀውን ብቻ መርጬ አወራሁላቸው። የሜትሬን ጫፍ ፍየል የበላችብኝን ቀን፣ ገደል ለገደል ስለካ ነጠላዬ ቁልቋል ላይ ተሰቅሎ የቀረበትን ቀን። ሳቁ፤ አጨበጨቡ። የእመት ጥሩየን መሬት ግን አላነሣሁም። እኔ በተናገርሁት አንድ ቃል አንዲት ባልቴት የመሬታቸውን እኩሌታ አጥተው አንድ የምርት ዘመን አልፎባቸዋል። ጋቢ ለብሶ፣ ሰው እያጨበጨበ፣ ይህን መናገር አልሆነልኝም። ቤቴ ገብቼ ግን ጋቢው ከበደኝ። ስለዚህ ያን ዕለት የዘለልሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ እዚያ ለመድረስ ግን ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

ትውልዴ ጎጃም ነው። ወደ ዋግ የመጣሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በታይፒስትነት ተቀጥሬ ነው። አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ «ሁለት ዓመት ታገሺና ዝውውር ጠይቂ» ብሎኝ ነበር። ሁለቱ ዓመት ሠላሳ ሰባት ሆነ። አልጠየቅሁም አልልም፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄአለሁ፤ በሦስተኛው ግን ማመልከቻውን ራሴ ጽፌ ራሴ ቀደድሁት። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቀውም። አሁንም የምጽፈው ሰቆጣ ተቀምጬ ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ አምደወርቅ ነበር። ያከራዩኝ ሴትዮ ኽምጣና እንጂ አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም፤ እኔ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አላውቅም። ጨው ስፈልግ በእጄ እያሳየሁ፣ እሳቸውም በኽምጣና እየመለሱልኝ፣ በዓመቱ ተግባባን። እስከ ዛሬ ኽምጣና ስናገር ሕፃናት ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ለሥራዬ ግን ከማናቸውም ሥልጠና በላይ ጠቅሞኛል።

ታይፒስት ሆኜ አሥራ ምናምን ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ኮምፒዩተር መጣና የጽሕፈት መኪናዬ ዕቃ ቤት ገባች። በዚያው ሰሞን የገበሬው መሬት ሁሉ ተለክቶ የይዞታ ደብተር ይሰጠው ተባለ። የጊዜው ኃላፊያችን ጠርተው «ጽሕፈትሽ ንጹሕ ነው፤ ቁጥር ትፈሪያለሽ?» አሉኝ።

«ከእግዚአብሔር በቀር የምፈራው የለም» አልሁ።

ይቅር ይበለኝ፣ ቁጥር እፈራ ነበር። በትምህርት ቤት ስለ ሦስት ማዕዘን ሲነገር መስኮት መስኮቱን ስመለከት ነው ያደግሁት። እንዲህ ሆኜ ነው በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ሜትር ተሸክሜ ጋዝጊብላ የወጣሁት።

እዚያ የጠበቁኝ አቶ ይርጋ ነበሩ። ለጡረታ የቀረቡ፣ ዕድሜያቸውን በመንገድ ቅየሳ የፈጁ ሰው ናቸው። አጭር፣ ደረቅ፣ ኮፍያቸው ከፀሐይ ብዛት ቀለሙ የጠፋ። ገና ስንተዋወቅ አራት ዘንግ በልጥ አስረው አራት ማዕዘን ሠሩና በእጄ ሰጡኝ። «ጫን በይው» አሉኝ። ጫን ስለው ተንጋደደ። ከዚያ ሦስቱን ብቻ አሰሩና ሰጡኝ። ብጫነው ወይ ፍንክች።

«አየሽ» አሉኝ፣ «የአራት ማዕዘን አራቱን ጎን ብትለኪም መሬቱን አልያዝሽውም፤ ጎኖቹ ሳይለወጡ ይንጋደዳል፤ ሲንጋደድ ስፋቱ ይቀንሳል። ሦስት ጎን ግን ከለካሽ ያዝሽው። ወዴትም አይሄድብሽም። ስለዚህ ማንኛውም ማሳ፣ ጥርስ ያለው ይሁን ቀንድ ያለው፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየሰነጠቅሽ ሦስት ማዕዘን አድርጊው።»

ስሌቱንም በአንድ ከሰዓት አስተማሩኝ። ሦስቱን ጎን ደምር፤ ዙሪያው እሱ ነው። ግማሹን ውሰድ። ከግማሹ ላይ እያንዳንዱን ጎን ቀንስ። ግማሹንና ሦስቱን ቅናሾች አባዛ፤ የብዜቱን ስኩዌር ሩት አውጣ። ያ ስፋቱ ነው። ማዕዘኑ ስንት ዲግሪ ነው፣ ቁመቱ የት ላይ ያርፋል፣ ብሎ መጨነቅ የለም። ካልኩሌተር የያዘ ሰው በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ጎኑን በትክክል መለካቱ ነው። የእኛ አገር መሬት ቁልቁል ነው። ሜትሩን መሬት ለመሬት ከጎተትሽው ዳገቱን ነው የለካሽው። ሜትሩን አግድም ወጥረሽ፣ ከጫፉ ጠጠር ለቀሽ፣ ጠጠሩ ያረፈበት ላይ ችካል ትተክያለሽ፤ ከዚያ ደግሞ ከችካሉ ትቀጥያለሽ፤ እንደ ደረጃ። አንዱን ጎን ለመጨረስ አሥር ጊዜ ማጎንበስ አለ። ከዚያ በሌላው ጫፍ ጀምረሽ እንደ ገና ትለኪያለሽ፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ለሦስተኛ ጊዜ ትለኪያለሽ።

አቶ ይርጋ ቆጠራ እንዳይጠፋቸው በቀኝ ኪሳቸው የገብስ ቆሎ ይይዛሉ። ሜትሩ እስከ ጫፉ በተዘረጋ ቁጥር አንዲት ፍሬ ወደ ግራ ኪሳቸው ያሻግራሉ። ጎኑ ሲያልቅ የግራ ኪሳቸውን ቆጥረው፣ ቁጥሩን አንዴ በአኃዝ አንዴ በፊደል ጽፈው፣ ቆሎውን ይቆረጥሙታል። «ማስረጃውን በላሁት» ይላሉ። እኔ ሥራ ላይ ስጾም ይኸ ቆሎ ብዙ ፈትኖኛል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የሜትሩን ሁለት ጫፍ ለሠራተኛ አይሰጡም፤ ለሚጣሉት ሁለት አዋሳኞች ነው የሚሰጡት። «ራሱ የያዘውን ጫፍ አይክድም» ይላሉ። አንድ ቀን ብቻዬን ለክቼ ሰማንያ፣ ሠላሳና አርባ አምስት ብዬ አመጣሁላቸው። ወረቀቱን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ወይዘሮ የሺ፣ ይኸ መሬት አይዘጋም።»

«እንዴት?»

«ሠላሳና አርባ አምስት ሰባ አምስት ነው። ሁለቱ አጫጭሮች ተደምረው ረጅሙን ካልበለጡ ጫፍና ጫፋቸው አይገናኝም። ገበሬው በዚህ ቀዳዳ አውሬ ገባብኝ ብሎ ይከስሻል።»

አንዱን ችካል ዘልዬው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቁጥር ባየሁ ቁጥር ሁለቱን ደምሬ ከሦስተኛው ሳላስተያይ አላልፍም፤ የገበያ ዋጋም ቢሆን።

ከጋዝጊብላ ወደ ጽጽቃ፣ ከጽጽቃ ወደ ሌሎች ወረዳዎች እየተዛወርሁ ሠራሁ። ውሎ አበል ይዘገያል፣ ግን ይመጣል፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል። አለቆቼ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ደጎች ነበሩ። አንደኛው ግን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ዛሬ ስንት ማሳ?» አምስት ስላቸው «ትናንትም አምስት ነበር» ይላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እሳቸውንም ከላይ የሚጠይቃቸው አለ። ስሕተቴን ግን የሠራሁት በእሳቸው ዘመን ነው። ወረዳውንም ቀበሌውንም አልጠራም። የሰዎቹ ልጆች አሉ።

በዚያ ቀበሌ የቆየ ልማድ ነበር። መሬት የሚወራረሱና የሚለዋወጡ ሰዎች ዙሪያውን በገመድ ይለካሉ። ገመዱ ሃያ ሜትር ያህል ነው። «የእገሌ ማሳ ስድስት ገመድ ነው፤ የእገሊት ዘጠኝ ገመድ ነው» ይባላል፤ ይህ ማለት ዞሮ ዞሮ መጀመሪያው ቦታ ሲደርስ ማለት ነው። አባቶቻቸውም እንዲህ ነው ያደረጉት። እመት ጥሩየ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ከጓሮአቸው ሌላ ያላቸው አንድ ማሳ ከወንዙ ማዶ ነው። ለእሳቸው ቤት ቅርብ የሆነው መሬት ደግሞ የአቶ ካሣ፤ የአቶ ካሣ ቤት ከወንዙ ማዶ፣ የእመት ጥሩየ ማሳ ጥግ ነው። እንለዋወጥ ተባባሉ። ለባልቴቷ የታሰበ በጎ ነገር ነበር። ሽማግሌዎቹ በገመድ ዞሩት፤ ያም ስምንት ገመድ፣ ይኸም ስምንት ገመድ። ሁለቱም ሦስት ማዕዘን ናቸው።

እኔ የተጠራሁት ልውውጡን ለመመዝገብ ነው። ወሩ ጥር ነበር። አብረውኝ ይዞሩ የነበሩት አቶ ይርጋ በዚያ ሳምንት ታመው ሰቆጣ ነበሩ። የማዶውን ለካሁ፤ አምሳ፣ አምሳ፣ ስልሳ። የወዲህኛውን ለካሁ፤ ሰባ አምስት፣ ስልሳ አምስት፣ ሃያ። አለካኩ ላይ እንከን አልነበረም፤ ጠጠሬም ችካሌም በቦታው። የስፋቱን ስሌት የምንሠራው ቢሮ ገብተን ነው። ያን ቀን ገና ሦስት ማሳ ይቀረኛል። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው መስክ ላይ ሰው ተሰብስቦ ተቀምጧል።

አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ የመንግሥት ሜትር ምን አለ? የእኛ ገመድ ዋሸ?» አሉኝ።

ሦስቱን ጎን ደመርሁ። መቶ ስልሳ። የሌላውንም ደመርሁ። መቶ ስልሳ። ገመዳቸው ልክ ስለ ሆነ ደስ አለኝ።

«አልዋሸም፤ እኩል ነው» አልሁ።

እመት ጥሩየ ወደ እኔ አዩ።  ቄሱ መረቁ፤ ተፈራረሙ። እኔም ወደሚቀጥለው ማሳ ሄድሁ።

በሳምንቱ ቢሮ ተቀምጬ ስፋቱን ሠራሁ። የማዶው ግማሽ ዙሪያ ሰማንያ፤ ቅናሾቹ ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሃያ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ካሬ ሜትር ወጣ። የወዲህኛውም ግማሽ ዙሪያ ያው ሰማንያ፤ ቅናሾቹ ግን አምስት፣ አሥራ አምስት፣ ስልሳ። ስድስት መቶ። ካልኩሌተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ስድስት መቶ። በእጄ ሠራሁት። ስድስት መቶ።

የእመት ጥሩየ አዲሱ መሬት ቀጭን ስለት ነው። ዙሪያው እኩል፣ ሆዱ ግን ግማሽ። አቶ ይርጋ በአራቱ ዘንግ ያሳዩኝ ይኸንኑ ነበር፤ ዙሪያ ስፋት አይደለም። አውቀዋለሁ። እያወቅሁት፣ በሰው መሐል፣ በቸኮልሁበት ሰዓት፣ ከመንደሩ ልማድ ጋር አብሬ ተናገርሁ።

ለኃላፊው ነገርኋቸው። «ቅሬታ ያቀረበ አለ?» አሉኝ። «የለም» አልሁ። «እንግዲያው የተፈረመ ተፈርሟል፤ አንዱን ከከፈትሽ ሁሉም ይከፈታል» አሉኝ።  ከልካይ ሆነውብኝ አይደለም፤ እኔ ራሴ ያን ቃል ፈልጌው ነበር። ጥር አለቀ፤ የካቲት አለቀ። ዐቢይ ጾምን ጾምሁ፤ ቆረብሁ። ግንቦት ላይ ገበሬው መሬቱን ማለስለስ ጀመረ። ያኔ ብሄድ ጊዜ ነበረ። ሰኔ ላይ ተዘራ። አልሄድሁም።

በፍልሰታ ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። መነኩሴ ናቸው፤ ቃል አያበዙም።

«እኩል ነው ያልሽው የት ነው?» አሉኝ።

«ከቤተ ክርስቲያን ሥር፣ መስኩ ላይ።»

«ማን ሰማሽ?»

«ሕዝቡ ሁሉ።»

«ለእኔ በጓዳ ነገርሽኝ። ሕዝቡስ?»

ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ስግደቱ ይሻለኝ ነበር።

ወደ አቶ ይርጋ ሄድሁ። በሽታቸው ተሽሏቸው ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ነበር። ይቆጡኛል ስል ወረቀቱን ብቻ ተቀብለው አዩና «ሁለቱ ተደምረው ይበልጣሉ፣ ይዘጋል። ልኩስ ንጹሕ ነው» አሉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ቁጥር እንዳታነቢላቸው። ቁጥር አንዴ ሰምተውሻል። ሰው አቁሚበት።»

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን ሄድሁ። የሻደይ ቀን ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ቄጠማቸውን አስረው፣ ከበሮአቸውን ይዘው መስኩን ሞልተውታል። አሥራ ስድስት ሜትር ገመድ ጫፍና ጫፉን ቋጥሬ ይዣለሁ፤ በየማሳዎቹ ጎን ልክ፣ አሥር እጅ አሳንሼ፣ በቀይና በነጭ ክር ምልክት አድርጌበታለሁ። ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ነጠላዬን አጣፋሁና «በጥር ወር እዚህ ቆሜ እኩል ነው ብያችሁ ነበር። ተሳስቻለሁ» አልሁ። 

አቶ ካሣ ከኋላ ተነሡ። «ታዲያ እኔ ሰረቅሁ?»

«አልሰረቁም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እባክዎ ይህን ጫፍ ይያዙልኝ።»

እያጉረመረሙ ያዙ። አንዱን ጥግ አንድ ሽማግሌ፣ አንዱን እኔ። በቀዩ ክር ላይ ወጠርነው፤ አምስት፣ አምስት፣ ስድስት። «እስቲ ሻደዮች፣ ግቡ» አልኋቸው። ልጃገረዶቹ ሥራ ፈትተው አልጠበቁኝም፤ እየዘፈኑ፣ እየተጋፉ ገቡ። «ወዲያ በይ!»፣ «ቄጠማዬን ረገጥሽው!» ጢም ብሎ ሲሞላ ሽማግሌው ቆጠሩ። ሠላሳ አንድ።

«አሁን ገመዱን አልቆርጠውም፣ አልቀጥለውም» አልሁ፤ «ጥጋችንን ብቻ እንቀይራለን።» ወደ ነጩ ክር ተሻገርን፤ ሰባት ተኩል፣ ስድስት ተኩል፣ ሁለት። ገመዱ እየጠበበ ሲመጣ ልጃገረዶቹ እየጮኹ፣ እየሳቁ፣ አንዷ በአንዷ ላይ እየወደቁ ከሥሩ ሾልከው ወጡ። ውስጥ የቀሩት ተቆጠሩ። አሥራ አራት።

ሳቁ ቆመ። አቶ ካሣ የያዙትን ጥግ አልለቀቁም፤ ገመዱን ቁልቁል ይመለከታሉ።

አንድ ጎልማሳ «ካሣ፣ ሰኔ ላይ ዘር ሲያንስህ አልገባህም?» አላቸው።

«አንሶኛል፤ ከጎተራ ጨመርሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዘንድሮ እጄ ለቅቆ አብዝቼ የዘራሁ መስሎኝ።»

ሌላው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ይሻል ነበር፤ እኔ ከወንድሜ ጋር በገመድ ነው የተካፈልሁት» አሉኝ። ገሚሱ ሳቀ፤ ገሚሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ቀበሌ ዳግም ለኩልን ያላለ ሰው ጥቂት ነው፤ ኃላፊው የፈሩትም ይኸን ነበር።

እመት ጥሩየ ከሴቶቹ መሐል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ቀና አድርገውኝ በኽምጣና ቀስ ብለው ነገሩኝ። «እኔማ አውቄአለሁ። ሁልጊዜ የማቀብለውን ዘር ለአራሹ አቀበልሁት። እኩሌታው በስልቻው ውስጥ ተረፈ። ዘር ሲተርፈኝ አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አንቺ ጽፈሽ ነበር'ኮ» አሉኝ።

ካጠፋሁት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይኸ ነው። ስሌቱን በደብተሬ ላርመው እችላለሁ፤ ቃላቸውን ግን ከአፋቸው የወሰድሁባቸው ቀጥ ባለ ጽሕፈቴ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አቶ ካሣ መጀመሪያ «የበቀለ ገብሴን ማንም አይነካብኝም» ብለው ተነሥተው ሄዱ፤ ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። የማዶውን መልሱ ቢባሉ ባልቴቷ እንደ ገና ወንዝ መሻገራቸው ነው። በመጨረሻ ራሳቸው አቶ ካሣ መላ አመጡ። ከቀጭኑ መሬት አጠገብ ሌላም መሬት አላቸውና «ከእሱ ልጨምርላት፤ ግን ስንት?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን በጭንቅላቴ አገኘሁት፤ ጫፉን ሳንነካ የታችኛውን አጭር ጎን ከሃያ ወደ አርባ ብናረዝመው፣ ቁመቱ ያው ስለሆነ ስፋቱ እጥፍ ይሆናል። የሚፈጸመው ግን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው ተባለ። የዚያ ዓመቱ ምርት በቀረው ቀረ። እመት ጥሩየ ያገኙት ገብስ እስከ ጥምቀት ነው የበቃቸው፤ ሰቆጣ ከምትኖር ልጃቸው ቤት ከረሙ። እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር። የወሰድሁላቸውን ሁሉ ተቀብለውኛል፤ ስለ መሬቱ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ያን ያህል ቀላል ግን አልነበረም፤ በሰው ቤት መክረም ነው።

አዝመራው ተሰብስቦ፣ ከጥምቀት በኋላ መሬቱ ሲለቀቅ፣ እሳቸውም ለዚሁ ከልጃቸው ቤት መጡ፤ ሁላችንም ተገናኘን። የሜትሩን አንድ ጫፍ አቶ ካሣ፣ አንዱን የእመት ጥሩየ የወንድም ልጅ ያዙ። ለካን፤ ከሌላው ጫፍ ደግመን ለካን። ስሌቱን ቢሮ አላደረስሁትም፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሠራሁት። አንድ ሺህ ሁለት መቶ። በኽምጣና ጮክ ብዬ ተናገርሁት፤ ማንም አልሳቀብኝም። ደብተሩን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እስክሪብቶዬን ከፈትሁ።

«ቆይ» አሉኝ እመት ጥሩየ።

ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡ። በረጅሙ ጎን ቁልቁል ሄዱ። በአርባው ጎን አለፉ፤ እዚያ ላይ ቆም ብለው አዲሱን ድንበር በዘንጋቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ በሦስተኛው ጎን ዳገቱን እያረፉ፣ ጉልበታቸውን እያሹ ወጡ። የወንድማቸው ልጅ ሊደግፋቸው ሲል በእጃቸው መለሱት። ሽማግሌዎቹ፣ አቶ ካሣ፣ እኔም፣ ሁላችንም ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። ማንም አልቸኮለም። ከነበርሁበት ሲደርሱ ዘንጋቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። መሬቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ አዩት፤ ከዚያ እኔን።

«አሁን ጻፊ» አሉኝ።